ሐረግና ሐረጎ

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣
ሲወጡት ዳገት ነው፣ ሲወርዱት ቁልቁል ብቻ።
መስኮቴን ከፍቼ ከታች እነሣለሁ፣
ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲመጣ እዘጋለሁ፣
ጦሳ ሥር ስደርስ ካፖርት እደርባለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚሁ ሚኒባስ፣
በቀን ሦስት ጊዜ አየር ሳወልቅ፣ አየር ስለብስ።

ስሙን ማን እንዳወጣው ጠይቄ አላገኘሁም፤
እኔ ግን ሐረጎን ከሐረግ አልለየውም፦
ቅጠሉ ጉም የሆነ፣ ፍሬው ተሳፋሪ፣
በየኩርባው የሚያቆጠቁጥ ገና እንደ ጀማሪ።

አያቴ ሙሄ ይመር፣ ከአንዲት ወይን እናት
ሁለት በትር ቆርጦ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣
ለአክስቴ ጦይባ ሰጠ፣ "ቦርከና ዳር ትከይ" ብሎ፣
ለአጎቴ እሸቱም፣ "ደሴህ ይዘህ ውጣ" ብሎ።
(ወሎ ነው ቤታችን፤ እህት ትሰግዳለች፣ ወንድም ያስቀድሳል፤
ለሠርግ ሥጋው ብቻ በሁለት ድስት ይበስላል።
ለማያውቅ ማስረዳት ያደክማል፣ እለፉኝ።)

የጦይባ ዋልካ ነው። ክረምት የሚያጣብቅ፣
በጋ ተሰንጥቆ እግር የሚሰርቅ፣
ውኃ ከያዘ ወዲያ መልቀቅ የማያውቅ።
ሙቀቱም እንደ ቸር አማት፣ ብሉ ብሉ የሚል፤
ሐረጉ ጠገበና ቅጠል በቅጠል ሆነ፣
ፍሬው ከአውራ ጣት በለጠ፣ ቆዳው ሳስቶ ቀጠነ።
ታኅሣሥ ሳይጋመስ ንብ ቤቷን አደረገው።
ማር ነው ብትቀምሱት፤ ማር ብቻ፤ ወሬ የሌለው።
እሷ ቆርቆሮ ላይ አስጥታ ዘቢብ ታደርገዋለች።

የእሸቱ ጭንጫ ነው፤ ገደል አፋፍ የቀረ፣
ድንጋዩን ቢለቅሙት ድንጋይ የሚወልድ፣
ውኃው እንደ መንገደኛ ቁጭ ሳይል የሚሄድ።
እዚያ ሥር ይቸገራል፤ ይቆፍራል፣ ይሰርቃል፣
ከዐለት ስንጥቅ ለስንጥቅ ጠብታ ይለምናል።
ኅዳር ውርጭ ይመታዋል፤ ጥር ፀሐይ ያታልለዋል፤
የካቲት ሲያልቅ እንኳ ፍሬው ሽምብራ ቢያክል ነው።
ጥርስ ያጠርሳል። ፊት ያጨማድዳል።
ግን ከዋጡት በኋላ፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
እንደ ረሱት ስም ነው፣ የሚመጣ ተመልሶ።

ዘሩ አንድ ነበር። አንዲት እናት ነበረች።
እንግዲህ እናቲቱ የትኛውን መሰለች?

የጦይባ ዘቢብ በየዓመቱ ደሴ ይወጣል፤
እሸቱ ወስዶ ለደብሩ፣ ለቅዳሴ ይሰጣል።
ፌስታሉን ስታቀብለኝ ትላለች፦ "የአላህ ፀሐይ ነው፤
የት እንደሚደርስ እኔ ምን አገባኝ።"
የእሸቱ ቆምጣጣ ደግሞ ቁልቁል ይወርዳል፤
ሉባባ ካረገዘች ወዲህ ሌላ አይጥማትም ይባላል።

አምና በመጋቢት እሸቱን ቤቱ አጣሁት።
ዘቢቡ እጄ ላይ ቀረ፤ ሚስቱ ቆምጣጣውን ሰጠችኝ፤
ሁለቱንም ጭኜ ስወርድ፣ ሐረጎ ላይ ናዳ።
ጨለማ። ዝናብ። ተሳፋሪው አኮረፈ።
አንድ ዘቢብ ከፌስታል፣ አንድ ፍሬ ከቅርጫት፣
ባንድ ላይ ጎረስኳቸው።

ምን ልበላችሁ። የተጣሉም አልነበሩ፣ የታረቁም አልመሰሉ፤
አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይል ነበር፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ።
አባቶች ይህን ከፍታ ወይና ደጋ ያሉት፣
ወይንን ከደጋ ሳይነጥሉ፣
ለካ በአፋቸው ቀምሰው ነው።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ ዝምታው ሰልችቷት፣
"ሾፌር፣ አገርህ የት ነው?" አለችኝ።
አንድ ቦታ ለተተከለ ቀላል ነው፤ አፈሩ ይመልስለታል።
እኔ ግን ዋልካውንም ጭንጫውንም በጎማ የያዝኩ፣
ጠዋት በሸሚዝ፣ ማታ በካፖርት፣
ቢቀምሱኝ ምን ምን እላለሁ?

ዶዘሩ መጣ።
ማርሽ አስገባሁ።