ሳድስና ካዕብ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሴኔቱ ሲቀመጥ፣
አባ ኮዳ ጣራው ላይ፣ ቆርቆሮውን ሲረግጥ፣
እኔ ጥግ ይዣለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ነው እንጀራዬ፤
ድምፅ የለኝም፤ ያለኝ እስክሪብቶና ሁለት ጆሮዬ።

አጀንዳ አንድ፦ የማደሪያው ውሃ።
ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ ለሌላ ጊዜ ተባለ።
አጀንዳ ሁለት፦ የመመረቂያ መስፈርት።
"የሐይቅ ልኬት፣ የመስክ ሥራ፣ ሦስት ክሬዲት፤
አስተማሪው የለም። ልጆቹ ደግሞ ሐምሌ ይመረቃሉ።"
ሬጅስትራሩ አቶ ባራሶ መነጽሩን አወለቀ፤
"ሴሚናር እንተካበት፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ በወረቀት።"
ተማሪው ሐይቁን ሳያይ፣ በሐይቅ እንዲመረቅ፣
ሐይቁ ከአጥሩ ማዶ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ሳይርቅ፣
ተወሰነ።

ደግ ቃል ነው ተወሰነ፤
ባለቤት አይጠይቅም፣
እጁን ያወጣውን ሰው በስሙ አይጠራም።

አጀንዳ ሦስት፦ የጦርነት ጊዜ ፈቃድ።
ቀዶ ጠጋኙ ዶክተር ኤርሲዶ፣ ወደ ግንባር የዘመተው፣
ደመወዙ ሳይነካ ወንበሩ እንዲጠበቅለት
በጭብጨባ ጸደቀ።
እኔም አጨበጨብኩ፤
የእናቴን የሐሞት ጠጠር ያወጣ እሱ ነው።

ከዚያ ምሕረተአብ።
ጥቅምት ላይ የዐሥር ቀን ፈቃድ ሞልቶ
(ቅጹን የሞላው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ሄደ)
እናቱን ሊቀብር ወጣ።
በሰባተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተዘጋ።
ሰባት ወር።
"ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈናል" አለ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ "በአድራሻው።"
አድራሻው ከቢሯችን ደጃፍ ያለች የፖስታ ሣጥን ናት፤
ሦስቱም እዚያው ተኝተዋል፤
ቁልፉ ከእሱ ጋር ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣
ተማሪዎቹን እንደ ዳክዬ ጫጩት አስከትሎ፣
ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ ውሃው ውስጥ ከተተከለው ብረት ላይ
የሐይቋን ከፍታ ያነብ ነበር።
ቆሮሶ የሚመትሩት ልጆች ያሾፉበታል፦
"ሐኪሟ መጣ! ዛሬስ ስንት ወፈረች?"

እጅ ወጣ።
አሥራ ስምንት።
ዶክተር ላሊሞ ጆሮውን ሊያክ እጁን አነሳ፤
አሥራ ዘጠኝ።
ያለ ፈቃድ የቀረ፤ ከደመወዝ መዝገብ ይፋቅ።
ተወሰነ።

ቀረ። ምን ዓይነት ቃል ነው?
ሄዶ ያልተመለሰው ቀረ፣
ከቤቱ ያልወጣው ቀረ፤
እኔም ይኸው አለሁ፣ ቀርቼ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ማተሚያው እንደ ተበላሸ፣
በስልኬ ብርሃን፣ በእጄ፣ ንጹሑን ስገለብጥ
"ያለ ፈቃድ የቀረ" ላይ ደረስኩ፣
ድ ላይ ቆምኩ።
ሳድስ ናት፤ ድምፅ የላትም፣ እንደ እኔ።
ከጎኗ ትንሽ እጅ አወጣሁላት።
ዱ።
ያለ ፈቃዱ የቀረ።
ሌላ አንዲት ነጥብ አልነካሁም።

በሁለተኛው ሐሙስ ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤
ያነበብኩት እኔው ነኝ፣ ሳልፈጥን፣ ሳላጎላ።
አቶ ባራሶ ቀና አለ። አየኝ።
መነጽሩን አወለቀ፣ በክራቫቱ ጠረገ፣
መልሶ አጠለቀ።
"ማስተካከያ አለ?" አሉ ሰብሳቢው።
አባ ኮዳው ጣራውን ረገጠ።
ጸደቀ።

ደመወዙ ግን አልተመለሰም፤
ካዕብ ዳቦ አይገዛም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ
ብረቱ ጋ ወረድኩ።
ቁጥሩን አረንጓዴ ልጥ አልብሶታል፤ በመሐረቤ ፈተግኩት፤
ሁለት ሜትር ከአርባ አንድ።
እሱ እንዴት ይጽፈው እንደነበር አላውቅም፤
ቀኑንና ቁጥሩን ብቻ
ከቃለ ጉባኤው ደብተር ጀርባ አሰፈርኩ።
አንዱ ልጅ ቢላዋውን እንደያዘ ጮኸ፦
"እትዬ፣ ስንት ወፈረች?"