ባለቀ ቀልድ

ሳጥኑ ቁልፍ ነበረው፤
ቁልፉ ከጓድ ዘርጋው ቀበቶ፣
ከፉጨቱ ጎን ተንጠልጥሎ፣
ሳምንቱን ሙሉ ሲንሿሿ ይከርማል፣
እሁድ ማታ ብቻ ሥራ ሊያገኝ።

ለገሃሬ፣ የቀበሌው አዳራሽ።
ፀሐይ ገብታም ግድግዳው ይተኩሳል።
ሽርጥ ለባሹ፣ ካኪ ለባሹ፣
ከበርጫ የተነሣው፣ ከባቡር የወረደው፣
በርጩማ ያለው በርጩማውን፣
የሌለው የዘይት ቆርቆሮውን ይዞ፤
እኛ ልጆች ከሁሉ ፊት፣ ሲሚንቶው ላይ፣
አንገታችንን መዝዘን
ዜናው እስኪያልቅ እንታገሣለን።

ዜናው ረጅም ነው። ኮታ፣ እርሻ፣ ጉባኤ፣
አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያጨበጭባል።
እኛ የምንጠብቀው ያንን ወፍራም ሰውዬ ነው፣
ሚስቱን የሚፈራውን፣ ሱሪው የሚወርደውን።
ሴትየዋ «አሁን መዝናኛ» ብላ ፈገግ ስትል
አዳራሹ በአንድ ሳንባ ይተነፍሳል።

ቀልዱ ግን የአዲስ አበባ አማርኛ ነው፣
ጥድፍ ጥድፍ የሚል፣ ዞሮ የማያይ።
ለዚህ ፈትያ አለች፤
የሳምቡሳ ሻጯ የመይሙና ልጅ፣
ዕድሜዋ ገና አሥራ ሦስት፣
ምላሷ ግን ቀፊራ ገበያ፣ የማይገኝበት የለም።
በርጩማ ላይ ቆማ፣ አንድ ጆሮዋን ለሳጥኑ ሰጥታ፣
በኦሮምኛ ትለዋለች፣
ወዲያው በሶማልኛ።

ሳቃችንም በዙር ነበር።
መጀመሪያ ካኪዎቹ፣ ባጭሩ፣ እንደ ሳል፤
ቀጥሎ የጫት ነጋዴዎቹ፣ ጭን እየተመታ፤
መጨረሻ ከበሩ፣ ከነሮብሌ ከተሸካሚዎቹ፣
ሰውዬው ሱሪውን ታጥቆ፣
ሚስቱ ይቅር ብላው፣
ሌላ ቀልድ ሲጀመር።
ሮብሌ ሁሌም የሚስቀው ባለቀ ቀልድ ነው።
«አቦ፣ ባቡሩስ ይዘገይ የለ? አይደርስም እንዴ?»

አንድ እሁድ ድምፁ ጠፋ።
ጓድ ዘርጋው ሳጥኑን መታው፣ ቀጥሎ አሻሸው፤
የመይሙና ዘይት ሲንጣጣ የመሰለ ነገር ብቻ።
ሰውዬው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።
«በቃ፣ ወደየቤታችሁ» ሊባል ሲል
ፈትያ በርጩማዋ ላይ ወጣች።

ምንም አልሰማችም።
እኛም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች።
ግን ተረጎመች።
ወፍራሙ ሰውዬ ከመጋላ ነጋዴ ሆነ፣
ሚስቱ የጉምሩክ ፈታሽ፣
ሱሪው ውስጥ አሥራ ሁለት ሜትር የጅቡቲ ጨርቅ፤
ለካ ለዚያ ኖሯል የሚወርደው!
አንዱን ነገር በአማርኛ ጀምራ፣
በኦሮምኛ አጥፋ፣ በሶማልኛ ቋጠረችው፣
ሰፈር ውስጥ እንደምናወራው።

አዳራሹ ባንዴ ፈነዳ።
ግራው፣ ቀኙ፣ በሩ።
ሮብሌ ቀድሞ ሳቀ!
ጓድ ዘርጋው ቁልፉን ጨብጦ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤
የቤቱ መጋረጃ ከየት እንደመጣ
ሁላችንም እናውቃለን።

በሳምንቱ ከባቡሩ ጋራዥ ሰው መጣ፣ ድምፁ ተመለሰ።
ሰውዬው የራሱን ቀልድ ቀጠለ፣
ጥርት ባለ አማርኛ።
ፈትያ አንድም ሳትጨምር ተረጎመች፣
ሳቁም ወደ ዙሩ ገባ።

ዛሬ ስክሪኑ ግድግዳ አክሏል፤
ቁልፍ የለው፣ ጓድ የለው።
አንዳንድ ማታ ግን ድምፁን አጠፋና
ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሲዘጉ አያለሁ፣
ሱሪያቸው ውስጥ ምን እንደያዙ
የሚነግረኝ ባገኝ ብዬ።