የጀልባው ጉንፋን

ከፋሮ ደሴቶች ዳር፣ ካርታ ከሚረሳት፣
ሠላሳ ሰው እንኖራለን ባንዲት ቁራጭ መሬት።
ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጀልባ ከእኛ አይደርስም፤
ነፋስ ነው የሚነፍስ፣ ሌላ ወሬ አይነፍስም።
ጣሪያችን ሣር ለብሶ፣ በገመድ ተይዞ፣
ያድራል በዝናቡ እንደ በግ ፈዝዞ።

ስሜ ሄዲን ነው፤ የዚች ደሴት መምህር፤
ተማሪዬ አሥራ አንድ፣ ጎረቤቴ ባሕር።
አከራዬ ራንቫ ሰማንያ ዓመት ዘልቃ፣
እርጥብ ካልሲ ስታይ ትላለች ተሳቅቃ፦
«ብርድ በእግር ገብቶ ነው ባፍንጫ የሚወጣ፤
ካልሲህን ቀይር ልጄ፣ ሳይመጣ ጣጣ!»
እኔ መምህር ነኝና ቃሏን አላመንሁም፤
ደብተር ከፈትሁ እንጂ ፊት ለፊት አልሞገትሁም።
ባንዱ ዓምድ ብርዱን፣ ባንዱ ዓምድ ማስነጠስ፣
ቀን በቀን መዘገብሁ ክረምቱ እስኪጨረስ።

ኅዳር፦ በረዶ። ማስነጠስ፦ ምንም።
ታኅሣሥ፦ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማዕበል። ማስነጠስ፦ ምንም።
ጥር ሦስት፦ ዮግቫን መረብ ሲስብ ከታንኳው ወደቀ።
ጎትተን አወጣነው፤ ጺሙ በረዶ፣ ጥርሱ ገጭ ገጭ፣
ከንፈሩ ሰማያዊ እንደ ቀለም ብልቃጥ።
በነጋታው ከጋጣው አገኘሁት፣
እያፏጨ ለላሙ ድርቆሽ ሲሰጥ።
ማስነጠስ፦ ምንም።
የካቲት፦ ቢርታ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ጸጉሯን ታጥባ ሳይደርቅላት
ደጅ በረዶ ስታድቦለቡል ዋለች።
ራንቫ ሦስት ሌሊት ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች።
ቢርታ አላስነጠሰችም።
ራንቫ ትንሽ ያዘነች መሰለኝ።

ሚያዝያ አሥራ አንድ ባሕሩ ዝም አለ፤
የፖስታ ጀልባ ጭስ ካድማስ ተንጠለጠለ።
ጨው ወረደ፣ ዱቄት፣ ትንባሆና ክር፣
የስድስት ወር ደብዳቤ፣ የስድስት ወር ምስጢር፤
በመጨረሻም ፓውል፣ ነጋዴው፣ ከነሣጥኑ፣
አፍንጫው ቲማቲም፣ እንባ ያቀረረ ዓይኑ።
እጃችንን ጨበጠ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሠላሳ፤
ሰው ርቦን ከርሞ ማን እጁን ይነሣ?

ሁለት ቀን አለፈ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ሞቆን አያውቅም።
በሦስተኛው ቀን ደሴቷ አስነጠሰች፤
ስብከቱ መሐል፣ ጋጣ ውስጥ፣ መረብ ላይ።
ዮግቫን እንኳ፣ የጥር ባሕር ያልደፈረው፣
እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር።

ደብተሬን ይዤ ወደ ራንቫ ሮጥሁ፦
«ይኸው! ብርዱ አይደለም፤ ከእጅ ነው፣ ከትንፋሽ!»
ከላይ እስከ ታች አየችኝ፦
«ማክሰኞ ዕለት ፀሐይ ወጣች ብሎ
ሹራቡን ያወለቀው ማነው?»

(ኋላ በግንቦት፣ የትልቁ ደሴት ሐኪም ጻፈልኝ፦
«ዘሩን የሚያመጣው ሰው ነው፤ ልክ ነህ።
ነገር ግን አፍንጫ ሲበርደው
ዘበኛው ያንቀላፋ እንደሁ እንጃ፤
አሮጊቷን ጨርሰህ አትርታት።»)

ባራተኛው ማታ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ፤
የዓሣ እሾህ የመሰለ ነገር ወጋ አደረገኝ።
መጀመሪያው ይህ ነው፤ ያኔ ነው ሰው የሚዋሽ፣
«ምንም አይደል» እያለ ሲጨብጥ የሚያመሽ።
እኔ በሬን ዘጋሁ፤ ልጆቹን አሰናበትሁ፤
ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ ተጉመጠመጥሁ፤
ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ እንቅልፍ ለመንሁ።
መድኃኒት የሚሉት አልነበረም፤
ትዕግሥት ነበር፣ በማንኪያ የሚጠጣ።

ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ከፈትሁ፤ ሰው የለም።
ደፉ ላይ አንድ ጠርሙስ ትኩስ ወተት በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
ከጎኑ አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ።
ራንቫ አሥር እርምጃ ርቃ ነፋሱ ውስጥ ቆማለች፣
አፏን በሻርፕ ሸፍና።
«ትንፋሽ ነው አላልህም?» ብላ ጮኸች።
«ይኸው ራቅሁልህ! አንተ ደግሞ ካልሲውን አጥልቅ!»

አጠለቅሁ።
በነጋታው ደብተሬን ስከፍት ዓምዱ ሁለት ብቻ ነው፤
ለካልሲው ቦታ አጣሁለት።
ሳምንት ሙሉ አስነጠስሁ፤
እግሬ ግን አልበረደኝም።