የላይኛው አልጋ

እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ በአንድ ብረት አልጋ፤
በተገላበጠች ቁጥር ጣውላው ሲንኳኳ፣ ሲላጋ፣
ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፣ በጣና ላይ እየነጋ።

ስሟን አባቷ ነው ያወጣው፣ «ትብለጥ» ብሎ፤
ማንን እንደምትበልጥ ግን አልነገራትም አክሎ።
እሷም ለጥንቃቄ ብላ
ሁላችንን ልትበልጥ ተነሳች፤
በአራት ሰዓት መብራት ሲጠፋ
ብርድ ልብሷን ተከናንባ ባትሪዋን አበራች፤
ድንጋዩ የደከመ ለታ
በጥርሷ ነክሳ፣ ፀሐይ አስግታ
ከሞት አስነሳች።

እኔ የሐሙሲቷ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ስሜን የሚያውቅ የሌለኝ፤
መምህር ይስማው እንኳ
«ያቺ ከትብለጥ ሥር የምትተኛው» ነበር የሚለኝ።
እትዬ ዘርፌ፣ ፕሮክተሯ፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች
በኮሪደሩ ስትመጣ፣
ጣውላውን በእግሬ ሁለቴ ነው የምመታ፤
ያኔ ከላይ ድንገት ጨለማ፣
የውሸት ማንኮራፋት፣ ለአንድ አፍታ።

ቅዳሜ ረፋድ ከዘጌ በኩል አንድ ታንኳ ይመጣል፣
እንጨት ተሸክሞ፣ ጎኑ ድረስ ውሃ ውጦታል፤
ቀዛፊው አጥራችን ትይዩ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል።
«ማነው እሱ?» አሉ ልጆቹ።
«እኔ እንጃ» አለች ትብለጥ፣ ከአልጀብራዋ ሳትቀና፤
እርሳሷ ግን ተሰበረ።
አየሁ። መቅረጫ አቀበልኳት፣ አንገቴን ደፋ አደረግሁና።

አንድ ሌሊት ከላይ እንዲህ አለች፣ ለእኔ ይሁን ለጣራው፦
«ደንገል እኮ ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚውለው፤
ማታ ማታ ዳር ወጥቶ፣ ቆሞ ካልደረቀ፣
ታንኳው በሳምንቱ አለቀ።»
ይህን ብላ ገጽ ገለጠች።
ያለችውን እሷ ራሷ የሰማችው አልመሰለኝም።

ሰኔ ላይ ውጤት ተለጠፈ፣ ከላይብረሪው በር ጎን።
ትብለጥ፣ በግማሽ ነጥብ፣ ሁለተኛ።
አንደኛዋን ማንም አልገመተ፣ እኔም ጭምር፤
ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ እንደ ሰው ስም፣ እንደ ሰው ነገር።

ታዲያ ልናዘዝ፦
በጣውላው ስንጥቅ ብርሃኗ ቁልቁል ይፈስ ነበር፣
ትራሴ ላይ ያርፋል፣ አንድ ጣት በማይሞላ መስመር፤
ደብተሬን ከሥሩ እያንሸራተትኩ፣ ቃል በቃል፣
ሁለት ዓመት ሙሉ በእሷ ድንጋይ፣ በእሷ ጥርስ፣
እኔ ነበርኩ የምማር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ትብለጥ አጥሩን ይዛ ቆመች፤
ታንኳው ሲደርስ፣ በሁላችን ፊት፣ ሁለት ጣቷን አነሳች።
ሰላምታ መሰለው፤ እሱም ሁለት ጣት አነሳ፣
እየሳቀ፣ መቅዘፊያውን ረሳ።

ያን ምሽት ባትሪ አልበራም።
የውሃው ድምፅ ብቻ፣ ከአጥሩ ሥር ደንገሉን ሲልስ።
«ነቅተሻል?»
«ነቅቻለሁ።»
ቆየች። ጣውላው አንዴ ሲጥ አለ።
«መስከረም ላይ» አለችኝ፣
«ከታች የምተኛው እኔ ነኝ።»