ግማሽ ዙር

ቤቱ ለእኔ ደርሶ፣ መኪናዋ ለሱ፣
ሽማግሎች ደክመው ወደ ቤት ሲመለሱ፣
ሁለት ዓመት ሆነን ቃል ሳንለዋወጥ፣
ጠባሴ ላይ ስንኖር፣ በአንድ መንገድ ስንሮጥ።

ዛሬ በማለዳው፣ ውርጩ ሳይነሳ፣
በሬ ላይ ቆመ ዘርጋው፣ እንደ ጠፋ እንስሳ።
«ሞላው ተሰበረ» አለኝ። ሌላ የለም።
ሰላም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

ከሸዋሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ፣
ጣርማበር ዳገቱን፣ ወደ ዋሻው ሲወጣ፣
ፊት ለፊት በግራ ቋ ብሎ ተለየ፣
የአባባ ዲኤክስ አንድ ዓይኗ መሬት አየ።

መፍቻው ከቤቱ ጋር ነው ለእኔ የደረሰ፤
ክሪኩ፣ ካቫሌቶው፣ አቧራ እየለበሰ።
አባባ ሲያካፍል ረስቶት ነው? ወይስ ገብቶት?
መኪናን ያለ መፍቻ፣ መፍቻን ያለ መኪና መስጠት?

ዘርጋው መንዳት ተማረ። እኔ ከስር ተኝቼ
ለአባባ መብራት ስይዝ አደግሁ፣ ዘይት ጠጥቼ።

ግቢው ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ደልዳላ እንደ ሜዳ።
«አስገባት» አልኩት፤ «ተዳፋት ላይ መፍታት ዕዳ።»
የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዝኩ፤
ከመሬት ሳትነሳ ዳዶዎቹን አላላሁ፤
ክሪክ ሽቅብ አላት፣ ካቫሌቶ ከስር አስገባሁ።
ድንጋይ ሊያቀብለኝ ብድግ ሲል አየሁት፤
«በድንጋይ አይሆንም፤ ድንጋይ ይከዳል» አልኩት።
ስለ መኪናዋ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝ።
አምና ወሰኑ ላይ የተከልነው ድንጋይ ትዝ አለኝ።

ጎማው ወጣ። የፍሬኑን ቱቦ ወደ ጎን አሰርኩ።
ከስር ሁለት ቡሎን፣ ከላይ ሦስት ዳዶ፣
በናፍጣ ርሶ ወጣ ዝገቱ ተንዶ።
ሾኩን ከነሞላው ንጣፉ ላይ አጋደምን።
«የመሀሏን ዳዶ!» ጮህኩ። እጁ ሄዶ ነበር።
«እሷን እንዳትነካ፣ ሞላው ሳይታሰር!»

የታመቀ ሞላ ዝም ያለ ይመስላል፤
አይጮህ፣ አይነቃነቅ፤ ያየው ብረት ነው ይላል።
ሙሉ መኪና ነው በሆዱ ያመቀው፤
መውጫ ያገኘ ለት ጥርስ ነው የሚያደቀው።

መጭመቂያው ሁለት ነው፣ ትይዩ ይቆማል፤
አንዱ ከቀደመ ሞላው ይጣመማል፤
የተጣመመ ሞላ ወንድም እህት አይለይም።
በተራ ነው እንጂ ለብቻ አይጠበቅም።

«አንተ ግማሽ ዙር።»
          ቀጭ።
«እኔ ግማሽ ዙር።»
          ቀጭ።
ፊታችንን ከሞላው አፍ አዙረን፣ ጎንበስ፤
የእኔ ትንፋሽ ጭስ፣ የሱም ትንፋሽ ጭስ።
«አንተ።»
          «አንቺ።»
ሁለት ዓመት ሙሉ ያላልነው ቃል
ባስራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ሲወጣ ይገርማል።

አንዴ ቸኮለ። ሁለት ዙር ሙሉ አጠበቀ፤
ጎበጠና ወደ ፊቴ ሞላው ራሱን ሰበቀ።
«መልስ» አልኩት ቀስ ብዬ። «የወሰድከውን መልስ።»
መለሰ። ሩብ በሩብ። በዚያ ብርድ ላቡ ሲፈስ።

ከአናቱ ላላ ሲል፣ በጣቴ ሳዞረው፣
ያኔ ነው የመሀሏ ዳዶ የተፈታችው።
አሮጌው ወጣ፣ አንድ ቀለበት ጎድሎ።
«ስሙ ሞላ» አለ ዘርጋው፣ ሳቁን በጢሙ ከልሎ።

የአዲሱን ጫፍ ከጎድጓዳው አስቀመጥን፤
ያጠበቅነውን ሁሉ ግማሽ በግማሽ መለስን።
«ጨረስን?» አለ።
          «ቀኙስ?
ግራው ጎረምሳ፣ ቀኙ ሽማግሌ ሆነው
መኪና ቀጥ ብላ የሄደችው መቼ ነው?»
ስለዚህ ደግሞ ቀኙ። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት።
ምሳ አልበላንም፤ ማንም አላነሳው፣ ማንም አልጠየቀበት።

ሊሄድ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገ።
የሚለው ጠፍቶት መሪውን ጠረገ።
«ጥቂት ነድተህ ተመለስ፤ ዳዶው ይጠበቅ ዳግመኛ።
መፍቻው እዚህ ነው» አልኩት። «በሩም አይደለም እንግዳ፣ አንተም አይደለህ እንግደኛ።»

በሩ ላይ ያለው ጉድጓድ ጋ
ፊቷ ዝቅ አለ፣ ቀና አለ፣ እጅ እንደሚነሳ ሰው፤
ከዚያ ቆመች። አንገቱን በመስኮት አወጣው።
«እታለም» አለ፣
«ታኮሽን ከመንገድ አንሺ፤ ሰው ያደናቅፋል።»