አሮጌው ፒስታ

አስፋልቱ ከላይ ነው፤ የጎንደር መኪና ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤
ፒስታው ከኮሶዬ ግርጌ ለብቻው ወረደ።

ሃያ ሁለት ዓመት በኤንትሬ ተመላልሼበታለሁ፤
ጨው ጭኜ፣ ሲሚንቶ ጭኜ፤ አቧራውን በጣዕሙ አውቀዋለሁ።
ማርሹ ሲያለቅስ፣ ፍሬኑ ሲሸት ዛሬም ይታወቀኛል፤
ረዳቴ እንየው ታኮ ታቅፎ ሲሮጥ ይታየኛል።

ዛሬ ግን በብስክሌት፣ ከልጄ ከትርንጎ ተውሼ፣
የአውራ በግ ቀንድ በመሰለው መሪ ላይ አጎንብሼ፣
ዳገቱ ላይ ወርጄ ገፋሁት። ውሸት ምን ያደርጋል?
ጉልበት እንደ አሮጌ ከመነዳሪ ነው፤ በልጣፊ ያድራል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ ጠጠሩ እንደ ቆሎ ሲቆረጠም፣
ጥሩምባ የለም፤ የሚቀድመኝ የለም፤ የምቀድመው የለም።
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬን ያዝሁ፤ ነፋሱ ከጆሮዬ ወጣ፤
ከጽዶቹ በታች፣ ከገደሉ ሥር አንድ ድምፅ መጣ።

ውሃ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዝ እንዳለው አላውቅም ነበር፤
ሞተሬ ነበር የሚያወራው፣ እኔም በላዩ ስናገር።
እንየው ግን እዚህ ጋ፣ ታኮውን ሊያነሳ ሲወርድ፣
ይዘገይ ነበር፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ጠርዙ ሲሄድ።
«ደነቆርክ ወይ?» እለው ነበር፣ በመስኮት ግማሽ ወጥቼ፤
አንዴም የሁለት ቀን አበሉን ቆርጬበታለሁ፣ ተቆጥቼ።

ትርንጎ «ከአራት ሰዓት እንዳያልፍ» ብላኛለች።
ገና ነው።
ከልማድ፣ ድንጋይ ፈልጌ ከኋላ ጎማው ሥር አደረግሁ፤
አጠገቡ ተቀመጥሁ።