ኳሷ ጉም ገባች

ከደባርቅ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣
ባንድ ጎኗ ገብስ፣ ባንድ ጎኗ ሰማይ፣
አንዲት ሜዳ አለችን፣ ወደ ታች ያዘመመች፣
ላንዱ ቡድን ዳገት፣ ላንዱ ቁልቁለት የሆነች።
ቋሚዋ ባሕር ዛፍ፣ ልጡ ያልደረቀ፣
መረቧ ጆንያ፣ የሽንኩርት ሽታው ያልለቀቀ።
በረኛው እኔ ነኝ፤ ገሳ ደርቤ እቆማለሁ፣
ኳስ ስትመጣ ጥዬው፣ ስትሄድ እለብሰዋለሁ።

ክረምት ሲገባ፣ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣
ተማሪው ይመጣል፤ ጫማው በእጁ፣ ጭቃው እስከ ግንባር።
ስጦታውም መጣ፤ ምሕንድስና፣ ሁለተኛ ዓመት፤
«የክረምት ዋንጫ ይኑረን!» አለ በመጣ በሳምንት።
ይሁን፤ ዋንጫ ግን ከየት?
አያ ጎባው ሰጡን፣ ቀንዱ የዞረ ሙክት።
ከሜዳው ጥግ ታስሮ፣ ሐምሌን ሙሉ ሲግጥ፣
በአመድ ያሰመርነውን መስመር ሲልስ፣ ሲረግጥ፣
የማዕዘን ምት ቦታ እስኪጠፋን ድረስ፤
እኛ ለሱ ስንሮጥ፣ እሱ ሲወፍር ቀስ በቀስ።

ፍጻሜው በቡሄ ዋለ።
አራት መንደር ሙሉ ጭቃ እያቦካ ተከተለ፤
ላስቲክ የተከናነበ፣ ጥላው የተገለበጠ፣
በቅሎውን ከገብስ ዳር አስሮ የተቀመጠ፤
ትርንጎ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው ይዛ፣
«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የሚበላ ኃጢአቱን ይግዛ!»

ዳኛው የከብት ሐኪሙ ዋኘው ነበረ፤
ፊሽካው ውሃ ጠጥቶ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፤
ካንድ ሕፃን እጅ ላይ የቡሄ ጅራፍ ተቀብሎ፣
ጯ! አደረገና አስጀመረ፣ «ተጫወቱ» ብሎ።
ጯ! ቅጣት ምት ነው። ጯ! ጯ! ኳስ ወጣች።
ከማዶ መንደርም የልጅ ጅራፍ ጮኸች፤
እንደገና ጮኸች፤ ሃያ ሁለታችን፣
ባንድ እግር ቆመን ዳኛ ዳኛ እያየን።

ጉም እንደ ልማዱ ሳይጠሩት መጣ፣
ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየዳሰሰ ወጣ፤
መጀመሪያ በቅሎዎቹን፣ ቀጥሎ ሰዉን፣
ከዚያ ያዛናውን ጀርባ፣ ዐሥር ቁጥሩን፣
ከዚያ የገዛ እጄን ሰወረው።
ጆሮ ብቻ ቀረኝ። ጭቃ ሲቦካ እሰማለሁ፤
«ስጠኝ!» «ወዲህ!» «እኔ ነኝ!»
እኔ ማን እንደሆነ አላውቅም።
ከነጩ ውስጥ አንድ እግር፣ እግር ብቻ፣ ብቅ አለች፤
ኳሷ ተመታች።
ቋሚ ስትነካ፣ መረብ ስትስብ፣ መሬት ስትወድቅ፣
ልሰማ ቆየሁ። ጠበቅሁ። አሁንም ስጠብቅ።
ዝም።
ዋኘው ጅራፉን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ።

«ገብታለች!» አለ ታችኛው ሰፈር፤ «ወጥታለች!» እኛ ላይኞቹ፤
እማማ አንጓች ከግቡ ኋላ ነበሩና ምስክር ተጠሩ፤
«በጆሮዬ ሥር ነው ያለፈችው፣ ነፋሷ ጉንጬን መታኝ» ቢሉ፣
«በግራ ነው በቀኝ?» ሲሏቸው፣
«ወደየት ዞሬ እንደነበር እኔስ መቼ አየሁ!» አሉ።
ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሙክቱ ለሁለት ይከፈል ተባለ፤
እሱም ፍልሰታ እስኪፈታ ሦስት ቀን ዕድሜ ታደለ።
በዐሥራ ስድስት በላነው፤ ለሰው አንድ አንድ ጉርሻ፣
ክርክሩ ግን ሳያልቅ ተረፈን ለማምሻ።

እኔ አልተናገርኩም።
የጣቴን ጫፍ ነክታ፣ ከቋሚው በስተውስጥ እንዳለፈች፤
መረቡ ላይም ሙክቱ ማታ የበላት፣
ኳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ እንዳለች።
ጉርሻዬን ዋጥኩ። ጎረሮዬን ትንሽ ያዘችኝ።

መስከረም ጠባ። ጉሙ ተጠቅልሎ ሄደ።
ስጦታው ወደ ትምህርቱ በአይሱዙ ወረደ።
አፋፉ ላይ ሄጄ፣ አጎንብሼ ባይ፣
ከታች፣ ሰው እግሩን ከማያደርስበት ድንጋይ፣
አንድ ጭላዳ ተቀምጧል፣ ደረቱ ቀይ፤
ሣሩን እየነጨ፤ ኳሷ ከጎኑ ናት፣
ዝናብ ጭቃዋን አጥቦላት፣
ነጭ፣
ገና ያልተዳኘች።